ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አንድ

መምህር ኪትልሰን በቀይ ብዕር ጽፎ፣
ወረቀቴን መለሰው ጥጉን ለሁለት አጥፎ፤
«ዳርሊን፣ ይሄ ስሜት ነው፤ ማስረጃው ከወዴት?
ደራሲዋ ያላለችውን አንቺ አልሽው እንዴት?»

ሃርላንን ስጠላው ቁጥር ማን ይጠብቃል፣
ገጽ እየቆጠረ ማን ሰው ጠልቶ ያውቃል?

መጽሐፉ የትምህርት ቤት ነው፣ ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ፣
ስድስት ተማሪ ስሙን የጻፈበት፣
አንዱም ሽፋኑ ላይ ላለችው ላም ጢም የሳለላት።
ታሪኩ ደግሞ ይኸው፦
ሁለት ወንድማማቾች፣ አንድ የውሃ ጉድጓድ፣
መሐላቸው የሽቦ አጥር፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆድና ጀርባ።
ታናሹ ዊልመር በውርጭ ሌሊት መጥቶ፣
ጓንቱ እጁ ላይ ደርቆ፣ በሩን አንኳኩቶ፣
ስሙን እየጠራ ሲለምን፣ ሲማጠን፣
ሃርላን ከበሩ ጀርባ ትንፋሹን ሲመጥን፣
እጁ መቀርቀሪያው ላይ ነበረ።
አልከፈተም።
ደራሲዋ ስለዚያ እጅ ገጽ ሙሉ ጻፈች፣
ልቡ ጋ ስትደርስ ነጠላ ሰረዝ አኑራ አለፈች።

ክፍሉ በሙሉ ለሚስቱ ለሉዌላ አዘነ፤
አልጋዋ ላይ ሆና እየሰማች
እንባዋ ትራሷን እንዴት እንዳራሰው
ብሬንዳ ሦስት ገጽ ጻፈች።
እኔ የጻፍኩት አንድ መስመር ነው፤
«ሉዌላ እግር ነበራት።»
ከዚያ እናቴ ትዝ አለችኝ፤ አጠፋሁት።

እኛ ዘንድ ጉድጓድ የለም፤ አንድ ኮምባይነር ነበረ፣
አባቴና አጎቴ ሎይድ በጋራ የገዙት፣
ባንክ የወሰደው፣
«አንተ ነህ»፣ «አንተ ነህ» የተባባሉበት።
አራት ዓመት ሆነ። አንዱ ሱቅ ሲገባ
ሌላው በጓሮ ይወጣል።
ቤተ ክርስቲያን በግራና በቀኝ ይቀመጣሉ፣
«የበደሉንን ይቅር እንደምንል» እስኪደርስ አብረው ይጸልያሉ፤
እዚያ ላይ ሁለቱንም ያስላቸዋል።

በመከር ወቅት መጽሐፉን የጭነት መኪናው ወንበር ላይ ረሳሁት።
አባቴ ስንዴ ጭኖ ጎተራው ደጃፍ ሦስት ሰዓት ተሰለፈ፤
ሬዲዮው ከሞተ ሰንብቷል፣ ሰልፉም አይንቀሳቀስ።
ማታ፣ ድንቹን በሹካ እየደፈጠጠ፣
«ያ ጉድጓድ» አለ፣ «በዚያ አሸዋማ መሬት
በእጅ አይቆፈርም፣ ይደረመሳል።»
ሹካዬ አየር ላይ ቀረ።
አባቴ ከእህል ዋጋ ዝርዝር በቀር ሲያነብ አይቼው አላውቅም።
ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ ሳህኑን እያየ፣
«ደግሞ ሰውየው ከዚያ ወዲያ አልተኛም» አለ።
«የቱ?»
«ያልከፈተው።»
እናቴ ጨው አቀበለችው። ጨው አልጠየቀም ነበር።

ሌሊት ገለጥኩት፣ ከዳር እስከ ዳር ፈለግሁ፤
ተኛ ወይም አልተኛም የሚል ቃል የለም።
ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ላይ፣ መቀርቀሪያው ካለበት መስመር አጠገብ፣
የስንዴ አገዳ ተሰክቷል፤
ኅዳጉ ላይ የአውራ ጣት አሻራ፣ የሞተር ዘይት፣
ጠቆር ያለ፤
እዚያው ብዙ የቆየ ጣት።

ድርሰቴን እንደገና ጻፍኩት።
«ማስረጃ» በሚለው ሥር የገጹን ቁጥር አሰፈርኩ፣
የማን እጅ እንደሆነ ግን አልተናገርኩ።

አጎቴ ዘንድ የሄደ የለም፤ ይሄ እንደዚያ ያለ ታሪክ አይደለም።
ብቻ በማግስቱ አባቴ የሎይድ ፖስታ ሳጥን ጋ ሲደርስ
ማርሽ ቀነሰ።
ዳገት የለም እዚያ፤ አገሩ በሙሉ ሜዳ ነው።

መጽሐፉን ሳስረክብ ሚስስ ኦድጋርድ በመነጽሯ ሥር አየችው፣
ላጲስ አነሳች።
«ይተዉት» አልኳት።
ለቆሻሻው ሃምሳ ሳንቲም ቀጣችኝ።
ከፈልኩ።